አለቃ በሌለበት እንዴት ይወሰናል? ለጎንደር የኦፕን ሶርስ ልጆች

ፕሮጀክታችሁ ላይ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ስለዚህ ማንም ማንንም ማዘዝ አይችልም። ውሳኔ ያልጣመው ሰው ደግሞ ማመልከቻ አያስገባም፣ መልቀቂያ አይጽፍም፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስሙ አለ፣ ሰውየው ግን የለም። በበጎ ፈቃድ ሶፍትዌር በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የውሳኔ ደንብ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ሰው ሳይጠፋ፣ ሥራውም ሳይቆም ለመወሰን።

ይህን የምጽፈው ማራኪም ይሁን ቴዎድሮስ ካምፓስ፣ ወይም ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ የኦፕን ሶርስ ሥራ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ለጀመረ ሰው ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የአማርኛ ጽሑፍ መፈለጊያ የሚሆን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) እየሠራችሁ ነው እንበል። ሰባት ሰው ናችሁ። ሦስቱ ተማሪዎች፣ አንዱ የሚያስተምራቸው መምህር፣ አንዷ ባንክ ውስጥ አይቲ ክፍል የምትሠራ፣ አንዱ በዓታ አቋቋም ተምሮ በኋላ ወደ ኮምፒውተር የገባ፣ አንዱ ደግሞ ከአዘዞ ወጥቶ ጀርመን የሚኖር። እና የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ መጣ። ሰው «ሀይል» ብሎ ሲፈልግ «ኃይል» ተብሎ የተጻፈውም ይውጣለት ወይስ አይውጣ?

የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 ዕትሙ የእኛን ፊደል ሲያስገባ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ የየራሳቸውን ቁጥር ነው የሰጣቸው። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያም አንድ አያደርጋቸውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አይወስንላችሁም። ተማሪዎቹ «ሁሉንም ሀ አድርገን እንገላገል» ይላሉ። የበዓታው ልጅ ደሙ ይፈላል፤ «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ ለነ» ውስጥ ያለው «ሰአሊ» አንድ ናቸው ልትሉኝ ነው? አንዱ ሥዕል ይሥላል፣ አንዱ ለምኝልን ማለት ነው! ትግርኛ ላይ ደግሞ ሀ እና ሐ ድምፃቸውም ይለያያል፤ ላይብረሪውን ነገ ለትግርኛ ልጠቀምበት የሚል ሰው ቢመጣስ? እንግዲህ ወስኑ።

ቁልፉ ማን እጅ ነው?

ከሁሉ በፊት ይሄ ይጻፍ። ዋናው ኮድ ላይ ለውጥ የማስገባት መብት ያለው ማን ነው? ኮዱ የተቀመጠበት የጊትሃቡ አድሚን ማን ነው? የዌብሳይቱ ስም በማን ኢሜይልና በማን ካርድ ነው የተገዛው? ድምፅ የሚሰጠውስ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ነው ወይስ ሥራ ያስገባ ብቻ? «እኛ ደንብ የለንም» የሚል ቡድን ያጋጥማችኋል። አትመኑት። ደንብ አለው፣ አልጻፈውም እንጂ፤ ደንቡም «ፓስዎርዱን የያዘው ይወስናል» የሚል ነው።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች በአንድ መንገድ አይሄዱም። የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት በሆነው በሊኑክስ ከርነል ላይ ከ1991 ጀምሮ የመጨረሻው ቃል የሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ግን እሱ እያንዳንዷን መስመር አያይም፤ በየክፍሉ ኃላፊዎች አሉ፣ ለውጡ በእነሱ ተጣርቶ ነው እሱ ጋ የሚደርሰው። ዴቢያን የሚባለው በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሲስተም የተጻፈ ሕገ መንግሥት አለው። አባላቱ በየዓመቱ መሪ ይመርጣሉ፣ ውሳኔው ካልጣማቸው ደግሞ በጠቅላላ ድምፅ ሊሽሩት ይችላሉ። ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን በያዘው ድርጅት፣ በአፓቺ፣ ሥር ያሉት ፕሮጀክቶች እያንዳንዳቸው ኮሚቴ አላቸው፤ ስለ እነሱ አሠራር ወደታች በደንብ እናወራለን።

የፓይተንን፣ የፕሮግራም ቋንቋውን፣ ታሪክ ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። ጊዶ ቫን ሮሰም ቋንቋውን ፈጥሮ ከሃያ ዓመት በላይ የመጨረሻውን ቃል ይዞ ቆየ። በ2018 ፔፕ 572 የሚባል ሐሳብ መጣ። ሁለት ነጥብና የእኩል ምልክት አንድ ላይ ተጽፈው፣ በአንድ አገላለጽ መሃል ለቫሪያብል ዋጋ መስጠት የሚያስችል ነገር ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ክርክሩ ግን መረረ። ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀና በዚያው ሰሞን፣ ጁላይ ላይ፣ በቃኝ ብሎ ወረደ። ምትክ አልሾመም። «ከእንግዲህ እንዴት ነው የምንወስነው?» የሚለውን ጥያቄ ራሱን ለመወሰን ወራት ፈጀ። ሰባት የተለያዩ የአስተዳደር ሐሳቦች ቀረቡ፣ ዲሴምበር ላይ ድምፅ ተሰጠ፣ አምስት ሰው ያለበት የሚመረጥ ምክር ቤት አሸነፈ። እስከ ዛሬም በዚያው ነው የሚሄዱት።

እኔን ብትጠይቁኝ ለሰባት ሰው ምክር ቤት አያስፈልግም። አንድ ሰው የመጨረሻውን ቃል ይያዝ። ግን እስከ መቼ እንደሚይዝ ይጻፍ፣ ከጠፋ ማን እንደሚተካው ይጻፍ፣ በስንት ሰው ድምፅ ውሳኔው እንደሚሻር ይጻፍ። ፓስዎርዱ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰፈር ባይሆኑ ጥሩ ነው፤ መብራቱም ኔትወርኩም አብሮ ነው የሚጠፋባቸው።

ሁሉም ነገር ስብሰባ አይፈልግም

አብዛኛው ለውጥ ውሳኔ የሚባል ነገር አይደለም። የተሰበረ ቴስት (ኮዱ መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) መጠገን፣ ሰነድ ላይ የተሳሳተ ቃል ማረም፣ አንዱ ይሥራው፣ ሌላው ይየው፣ ይግባ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፦ ነገ ብንጸጸት መመለስ እንችላለን?

ምሳሌያችንን በዚህ ዓይን እዩት። «ሁሉንም ሀ እናድርገው» ሲባል የተባለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው የተከማቸውን ጽሑፍ ራሱን መቀየር ነው። ይሄ አይመለስም፤ «ኃይል» አንዴ «ሀይል» ከሆነ በኋላ የትኛው ሀ ድሮ ኃ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ጽሑፉን ሳይነኩ፣ ለፍለጋ በሚውለው ኢንዴክስ (በቃላቱ ማውጫ) ላይ ብቻ ፊደሎቹን ማዋሀድ ነው። ይሄ ይመለሳል፤ ኢንዴክሱን አጥፍቶ እንደገና መሥራት ነው። የበዓታው ልጅ የሚታገለው ከመጀመሪያው ጋር ነው። ተማሪዎቹ የፈለጉት ደግሞ ሁለተኛውን ነው። ግማሹ ጠብ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነው። ሁሌ እንዲህ አይቀናም፣ ግን ክርክር ሲጋጋል መጀመሪያ «የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ላይሰንስ መምረጥ፣ ዳታው የሚቀመጥበት ፎርማት፣ ሌሎች ሰዎች በኮዳቸው ውስጥ የሚጠሩት የፈንክሽን ስም፣ እነዚህ ከወጡ በኋላ ለመመለስ የሚከብዱ ናቸው። ጊዜ ስጧቸው። ሎጎ ላይ ግን ሁለት ቀን ይበቃል። ሎጎ ላይ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው፣ ስለማይከብድ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሠራው ሰው ይወስን።

አንድ ገጽ ጻፉ

ግሩፑ ላይ «ጓዶች ሀ እና ሐን አንድ እናድርጋቸው እንዴ?» ብሎ መለጠፍ ሐሳብ ማቅረብ አይደለም። ሃምሳ መልእክት ይመጣል፣ ግማሹ ስቲከር ይሆናል፣ በማግስቱ ምን እንደተባለ የሚያስታውስ የለም። ፓይተን ፔፕ፣ ራስት የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ አርኤፍሲ የሚሏቸው የሐሳብ ማቅረቢያ ሰነዶች ሥራቸው ይሄንን ማስቀረት ነው። ምን ቸገረ፣ ምን ይደረግ፣ ምን ይሰበራል፣ ሌላ ምን መንገድ ታይቶ ለምን ተተወ። ለእናንተ አንድ ገጽ ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ችግር፦ ሀይል ብሎ የፈለገ ሰው ኃይል የሚለውን አያገኝም። ሐሳብ፦ ኢንዴክስ ሲሠራ ሀ/ሐ/ኀ፣ ሰ/ሠ፣ አ/ዐ፣ ጸ/ፀ ወደ አንድ ይምጡ። ዋናው ጽሑፍ አይነካም። የሚሰበር ነገር፦ ሠዓሊ ሲፈለግ ሰአሊ አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ልክ እንደተጻፈው ፈልግ የሚል አማራጭ ይኑር። የተተወ መንገድ፦ ጽሑፉን ራሱን መቀየር፣ ስለማይመለስ። ሌላ የተተወ፦ ጭራሽ አለማዋሀድ። ይሄ ለግዕዝና ለትግርኛ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ማዋሀዱ አማርኛ ሲመረጥ ብቻ ይሥራ። አስተያየት የሚዘጋበት፦ ሐሙስ ማታ።»

ከዚህ ውስጥ ወርቁ «የተተወ መንገድ» የሚለው ነው። የተቃዋሚያችሁን ሐሳብ እሱ ራሱ አንብቦ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው» እስኪል ድረስ አሳምራችሁ ጻፉለት። ሰው ሐሳቡ ተቀባይነት ባያገኝ ይችለዋል፣ ካልተሰማ ግን አይችለውም።

ራስት በ2019 «አዌይት» (ይህ ሥራ እስኪያልቅ ጠብቅ) የሚለው ቃል የት ይጻፍ በሚለው ላይ እንዲህ ነው የወጣው። ከፊት ይቅደም? ወይስ በነጥብ ከኋላ ይቀጠል? ክርክሩ እጅግ ረጅም ነበር። የቋንቋው ቡድን አማራጮቹን ከነጥቅማቸውና ከነጉዳታቸው ጻፈ፣ ወዴት እንዳዘነበለ አስቀድሞ ተናገረ፣ የሚወስንበትንም ቀን ቆረጠ። ከኋላ በነጥብ የሚቀጠለው ተመረጠና በዚያው ዓመት ኖቬምበር በ1.39 ዕትም ወጣ። ሁሉም ሰው አልወደደውም። ግን ለምን እንደተመረጠ ያልገባው ሰው ሄዶ ማንበብ ይችላል።

ዝምታን አትመኑ

አሁን ወደ አፓቺ እንምጣ። እዚያ በጣም የተለመደ አሠራር አለ፦ አንድ ሰው «ይሄን ላደርግ ነው» ብሎ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ 72 ሰዓት ይጠብቃል፣ ማንም ካልተቃወመ ዝምታው እሺ ተብሎ ይቆጠራል፣ ሥራው ይቀጥላል። ሁሉም ሰው ፈቃድ እስኪሰጥ ቢጠበቅ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም ነበር። ደስ የሚል አሠራር ነው። ለትንንሽ፣ ለሚመለሱ ነገሮች እናንተም ያዙት።

ችግሩ እኛ አገር ዝምታ እሺ ማለት አለመሆኑ ነው። ይሉኝታ አለ። መምህሩ ሐሳብ ሲያቀርብ ተማሪው ስሕተቱን አይቶ ዝም ይላል፤ ሰው ፊት መምህሬን እንዴት አርማለሁ? የእድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፦ ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ሲል እጅ የሚያወጣ የለም፣ ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያ አጥር ጥግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ኮድ ላይ ግን ይነቅዛል። ያኔ ያልተነገረው ስሕተት ከስድስት ወር በኋላ ተጠቃሚው ጋ ደርሶ ነው የሚገኘው፤ «እኔማ ያኔም ታውቆኝ ነበር» የሚል ሰውም አይጠፋም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጥያቄውን ቀይሩት። «ማን ይቃወማል?» ሲባል መቃወም ያለበት ሰውየውን ይመስላል። «ይሄ ነገር የት ላይ ይሰበራል? እያንዳንዳችን አንድ ቦታ እንፈልግለት» ሲባል ግን ስሕተት ማግኘት ሥራ ሆነ፣ ድፍረት መሆኑ ቀረ። ትልቁ ሰው መጨረሻ ይናገር። መምህሩ ገና ከጅምሩ «እኔ ይሄኛው ይሻለኛል» ካለ ውይይቱ አልቋል፣ የቀረው ጭብጨባ ነው። ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ካነበቡት ትንሽ ይታገሱ፣ ልጆቹ ይጻፉ።

ሌላው ከአፓቺ የምወደው ነገር ድምፅ አሰጣጣቸው ነው። +1 እስማማለሁ ነው፣ −1 እቃወማለሁ ነው፤ ይሄንን ሁሉም ያውቃል። መሃል ላይ ግን +0 እና −0 አሉ። +0 ሲባል ብዙም ግድ አይሰጠኝም፣ ይሁን። −0 ሲባል ደግሞ አልከለክልም፣ ባይሆን ግን ደስ ይለኛል። ይሄ −0 ለኛ የተፈጠረ ነው የሚመስለው! ማንንም ሳያስቀይም «ልቤ አልተቀበለውም» ማለት ያስችላል። ግሩፓችሁ ላይ ብትጀምሩት ምን ያህል ነገር እንደሚወጣ ታያላችሁ። ለምሳሌ ተማሪው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«መምህር፣ እኔ −0 ነኝ። ሐን እና ኀን ወደ ሀ አምጥተናል፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ግን ወደ ሃ ነው የመጡት። ስለዚህ ኃይል ሃይል ይሆናል እንጂ ሀይል አይሆንም፣ የፈለግነው ሰው አሁንም አያገኘውም። በአማርኛ ሀ እና ሃ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እነሱም ቢዋሀዱስ? አ እና ኣም እንደዚያው። እስኪ ይዩት።»

«ልክ ነህ፣ አላየሁትም። አስተካክዬ ነገ እልከዋለሁ።»

ይህች መልእክት ባትጻፍ ኖሮ ሰባታችሁም የተስማማችሁበት ነገር የመጣበትን ችግር ሳይፈታ ይወጣ ነበር።

አሁንም ዝም የሚል ሰው ካለ በውስጥ መስመር ጠይቁት። ስሙን ሳትጠሩ «አንድ ሰው ይሄን አነሳ» ብላችሁ ሐሳቡን ወደ አደባባይ ለማውጣት ፈቃዱን ውሰዱ። የውስጥ መስመር ወሬ እዚያው ከቀረ ግን ሐሜት ነው፣ ምንም አይጠቅምም። የማይመለስ ውሳኔ ላይ ደግሞ ዝምታን ጭራሽ አትቀበሉ፤ ጉዳዩን በደንብ የሚያውቁት ሰዎች ቃል በቃል «አይቻለሁ፣ እስማማለሁ» ይበሉ። የበዓታው ልጅ ስለ ሠ እና ሰ አስተያየት ሳይሰጥ የተዘጋ ውሳኔ አልተዘጋም።

−1 ሲመጣ

አፓቺ ላይ የኮድ ለውጥ ላይ መብት ያለው አንድ ሰው −1 ካለ ለውጡ ይቆማል። አንድ ሰው ብቻ! ግን ቴክኒካዊ ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ያለ ምክንያት −1 ዋጋ የለውም። «ደስ አላለኝም» ምክንያት አይደለም። «ይሄ ፈንክሽን የጽሑፉን ርዝመት ይቀይራል፣ ስለዚህ ውጤቱ ላይ ቃሉን በቀለም ስናሳይ ቦታው ይዛነፋል» ምክንያት ነው።

የኢንተርኔትን ፕሮቶኮሎች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ደግሞ ነገሩን ከዚህም አጥብቆ ይዞታል። እነሱ ድምፅ መቁጠር አይወዱም። በቆየው ልማዳቸው ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው የሰዉን አዝማሚያ ማወቅ ሲፈልግ እጅ በማስወጣት ፈንታ «የምትስማሙ አጉረምርሙ» ይላል፤ የተስማማው ሰው አፉን ዘግቶ «እምምም» ይላል። (አልቀለድኩም።) ከዚያ ዋናው ነገር ስንት ሰው አጉረመረመ የሚለው ሳይሆን ያልተስማማው ሰው ያነሳው ችግር መልስ አግኝቷል ወይ የሚለው ነው። መቶ ሰው ተስማምቶ አንዱ ያነሳው ቴክኒካዊ ጉድለት መልስ ካላገኘ ስምምነት የለም። መልስ ካገኘ ግን ሰውየው አሁንም ቅር ቢለውም ሥራው ይቀጥላል።

ልዩነቱን ያዙት። ተቃዋሚውን ማስደሰት ግዴታ የለባችሁም። ተቃውሞውን መመለስ ግን ግዴታ ነው። የበዓታው ልጅ «ፊደል መዋሀዱን አልወደውም» ብሎ ቢቀር መብቱ ነው። «ሰው ሠዓሊን ለይቶ መፈለግ ሲፈልግ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን «ልክ እንደተጻፈው ፈልግ የሚለውን ይጫናል» የሚል መልስ ቀርቦለታል፣ ሞክሮም አይቶታል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይዘጋል።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር በ−1 የሚያግድ ሰው አለ። እሱ ሲኖር ሌላው ሰው ነው የሚጠፋው። አፓቺ ለዚህ ያበጀው ነገር ልብ የሚባል ነው፦ በኮድ ለውጥ ላይ ማገድ ይቻላል፣ አዲስ ዕትም ማውጣት ላይ ግን ማገድ የለም። ከኮሚቴው ቢያንስ ሦስት +1 ከመጣና የሚደግፈው ከሚቃወመው ከበለጠ ዕትሙ ይወጣል። እናንተም «አንድ ሰው ምን ማስቆም ይችላል፣ ምንስ አይችልም» የሚለውን ለዩ።

ድምፅ መስጠት

የመጨረሻው ነው። በምክንያት ያለቀለት ነገር ድምፅ አያስፈልገውም፤ ተነጋግራችሁ ሁለቱም መንገድ ደህና ሲሆን፣ ግን አንዱን መምረጥ የግድ ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

ዴቢያን በ2014 ፌብሩዋሪ ላይ ሲስተሙ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች በሚያስነሳው ሶፍትዌር ጉዳይ ስምንት ሰው ያለበት የቴክኒክ ኮሚቴው አራት ለአራት ተከፈለ። ሲስተምዲ ያለፈው በሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ ነው። በደንቡ መሠረት ፍጹም ትክክል ነበር። ክርክሩ ግን አልቆመም። በዚያው ዓመት ነገሩ ወደ ጠቅላላ ድምፅ ሄደ፣ ከኮሚቴው የለቀቁ አሉ፣ ዴቯን የሚባል ፎርክም (ኮዱን ይዞ ተለይቶ የወጣ ፕሮጀክት) ወጣ። አራት ለአራት ማለት ገና ያልተነጋገርንበት ነገር አለ ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲህ ከወጣ፣ ነገሩም የሚጠብቅ ከሆነ፣ አቆዩት።

ከሁለት በላይ አማራጭ ካለ ደግሞ የቴሌግራም ፖል አይበቃም። ሁለት ተቀራራቢ አማራጮች ድምፁን ይሻሙና ብዙው ሰው ያልፈለገው ሦስተኛው ያልፋል። ዴቢያን ላይ ሰው አማራጮቹን በደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱ ይነጻጸራሉ። «የትኛውም አይሁን» የሚል አማራጭም ሁሌ አለ። ለሰባት ሰው ይሄ በወረቀት ይሠራል።

ሰዓቱ

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ብዙ ሰው ግን የሚያስቀይመው ይሄ ነው። «እስከ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ ጀርመን ያለው የአዘዞ ልጅ እንኳ አንዳንዴ ይምታታበታል፣ የውጭ ሰውማ ጭራሽ አይገባውም። በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ጻፉ። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ በእኛ ማታ 3 ሰዓት 18፡00 ዩቲሲ ነው። ጀርመን በበጋና በክረምት ሰዓቷን ትቀይራለች፣ ዩቲሲ ግን አይቀየርም። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ።

72 ሰዓት ለእኛ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ዳታ የሚያልቅበት ቀን አለ። ራስት ላይ የመጨረሻው የአስተያየት ጊዜ አሥር ቀን ነው፣ ለከባድ ነገር ይሄ ይሻላል። ጥር 10፣ 11 እና 12 ላይ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ላፕቶፕ የሚከፍት ሰው ስለሌለ በእነዚያ ቀናት የሚዘጋ ውሳኔ አትክፈቱ። የውጭዎቹ ሰዎች ይሄንን አያውቁም፣ ንገሯቸው። እነሱም በዲሴምበር መጨረሻ አይገኙም።

ፒያሳ ላይ የተወሰነ ነገር

ስድስታችሁ ጎንደር ናችሁ፣ ትገናኛላችሁ። ፒያሳ ማኪያቶ ይዛችሁ በአንድ ሰዓት የምትጨርሱት ነገር በጽሑፍ ሳምንት ይፈጃል። ተገናኙ፣ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሰው ሲቀያየም። ግን እዚያ የተባለው ሐሳብ ነው፣ ውሳኔ አይደለም። አንዱ ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ተገናኝተን ይሄ ይሻላል ብለናል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ እስከ እሑድ ክፍት ነው» ብሎ ይጻፍ። እንደዚያ ካልሆነ ጀርመን ያለው ልጅና ዘንድሮ የሚመጣው አዲስ ሰው ሁሌ ያለቀ ነገር ነው የሚደርሳቸው።

ውሳኔው ሲያልቅ ሪፖው (የኮዱ ማስቀመጫ) ውስጥ አንድ ፎልደር ክፈቱና እያንዳንዱን በአጭር ፋይል አስቀምጡ፦ ቀን፣ ጉዳይ፣ ምን ተወሰነ፣ ለምን፣ ማን ምን አለ። ቴሌግራም ላይ አትተዉት፣ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ አያገኘውም። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ልጅ መጥቶ «ለምንድነው ጽሑፉን ራሱን የማንቀይረው?» ሲል ፋይሉን ላኩለት። አዲስ ነገር ይዞ ከመጣ፣ ያኔ ያልታየ ችግር ካሳየ፣ ጉዳዩ ይከፈት። አዲስ ነገር ከሌለው አይከፈትም። እዚህ ላይ ጨከን ማለት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የሚያሸንፈው ያልደከመው ሰው ነው።

ጭራሽ ካልተስማማችሁ

ፎርክ አለ። ላይሰንሱ ይፈቅዳል፣ ማንም ኮዱን ይዞ የራሱን መንገድ መሄድ ይችላል። ስድብ አይደለም። ሊብሬኦፊስ በ2010 ከኦፕንኦፊስ የወጣው እንደዚህ ነው፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው በኖድ ላይ ደግሞ በ2014 ዲሴምበር ብዙ ሥራ የሚሠሩት ሰዎች በአስተዳደሩና በሥራው መጓተት ተማረው አይኦ ጄኤስ የሚል ፎርክ ይዘው ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አስተዳደር ተመሥርቶ ሁለቱ ተመልሰው አንድ ሆኑ፣ በ2015 ሴፕቴምበር የወጣው ኖድ 4 የሁለቱም ሥራ ያለበት ነው።

ለሰባት ሰው ፎርክ ከባድ ነው፤ ሦስትና አራት ሆኖ መቅረት ነው። ከሆነ ግን በደንብ ይሁን። የሚወጣው ሰው አዲስ ስም ያውጣ፣ ላይሰንሱንና የሠሩትን ሰዎች ስም እንዳለ ይተወው። ሁለቱም ወገን ለውጡን በትንንሽ ኮሚት (በአንዴ በሚመዘገብ ለውጥ) ያስቀምጥ፣ የቴስት ፋይሎቹንም አይቀያይር፤ ለመታረቅ ቢታሰብ መልሶ ማዋሀዱን የሚያቀለው ይሄ ነው።